የጣዲቻ ጥቁር ጨው

የውሃ ማከሚያ ነጋዴው ፍቅሩ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ራሱ በሸጠው ማሽን ሥር ነበር። ከሮቶው ማቆሚያ በታች ሲሚንቶው ላይ ደም ረግቷል፤ የማሽኑ የጨው በርሜል ክዳኑ ተከፍቷል፤ ቧንቧው ደግሞ ሃይ ባይ አጥቶ ይፈሳል። ነገሌ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ናት፤ አንድ ቀን ለላይኛው ሰፈር፣ አንድ ቀን ለታችኛው። ስትመጣ ሰው ድስት ሳይቀር ይሞላባታል እንጂ መሬት አያጠጣትም። ስለዚህ ኢንስፔክተር ልዑልቃል ግቢው እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ቧንቧውን መዝጋት ነው። በባዶ እጁ ማስረጃ መንካቱ ትዝ ያለው ከዘጋው በኋላ ነበር። በራሱ ተበሳጨ። ያን ሰሞን እንደሆነ በሁሉም ነገር ይበሳጫል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፤ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ አይረጋም።

«ከኋላ ነው የተመታው» አለ ሳጅን ቦናያ፣ የሟቹን ማጅራት ጎንበስ ብሎ እያየ። «በቧንቧ መፍቻ ይመስለኛል።»

«መፍቻው የታለ?»

«የለም።»

ልዑልቃል በርሜሉ ውስጥ አየ። እስከ ወገቡ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጭቃ የመሰለ ጨው አለበት። የወታደር ልጅ ሆኖ እዚሁ ነገሌ ካምፕ ስላደገ ለማወቅ መቅመስ አላስፈለገውም። ሰዎች ሶዳ ሐይቅ ውስጥ ጠልቀው የሚያወጡት የከብት ጨው ነው።

የካቲት 2009 ነበር፤ ዝናብ ደጋግሞ ቀርቶ የቆላው ሰው ከብት ያለቀበት ዓመት። የዚህ ቤት ጌታ የጣዲቻ ከብት ግን ቀድሞ ወደ ፎራ፣ እረኞች ብቻ ወደሚሰፍሩበት ሩቅ የግጦሽ ቦታ፣ ስለተነዳ ተርፏል ይባላል። ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ሰንበቴ ነጠላዋን እንዳደገደገች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ» አለች። «ውሃ እንደመጣች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ማሽኑን ራሴ ከፍቼ ልየው አለኝ። እየው ብዬው ኪዳን ሄድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ...»

«አቶ ጣዲቻስ፣ እትዬ ሰንበቴ?»

«እሱ ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ፎራ የሚሄድ ሰው ካገኘ ለእረኞቹ መልእክት ሊልክ። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ቅቤ ልከውልን ነበር።»

ጣዲቻ እስከ ቅልጥሙ አቧራ ለብሶ፣ በትሩን ይዞ ሲገባ ሬሳው ገና አልተነሳም። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው።

«የት ነበሩ?» አለው ልዑልቃል።

«ቤት።»

«ባለቤትዎ ወጥቷል ብለዋል።»

ጣዲቻ ሚስቱን አየት አደረጋት። «እንግዲያው እሷ እንዳለችው ነው።»

«ማንን አገኙ?»

«ማንንም።»

እንዲህ የሚመልስ ሰው ይታሰራል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ታሰረ።

የጠቡን ምክንያት ለመስማት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ፍቅሩ ማሽኑን የሸጠው በሁለት ዓመት ዋስትና ነው። በአምስተኛው ወር ማሽኑ ቡናማ ውሃ ተፍቶ ቆመ። ጣዲቻ የዋስትና ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ ፍቅሩ አልጠግንም አለ። ከግድያው ሁለት ቀን በፊት ሽማግሌው የሱቁን ባንኮኒ በበትሩ መትቶ «ቤቴ ና፤ ያኔ ታውቀኛለህ» ሲል ግማሽ ገበያ ሰምቷል።

በሱቁ ውስጥ ልዑልቃል ያገኘው የማሽኖቹን ገጣሚ ደሳለኝን ነው። በአንድ ካምፕ፣ በአንድ ጨርቅ ኳስ ያደጉ ናቸው።

«ማሽኑ ውሃውን ከኖራ የሚያላቅቀው በጨው ነው፣ ልዑሌ» አለ ደሳለኝ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «በንጹሕ ነጭ ጨው። እኔ በየወሩ እየዞርኩ ለደንበኛው ሁሉ እሞላለሁ፤ ዋስትናው ውስጥ ያለ ነው። ሽማግሌው ግን ከፎራ ያስመጣውን የከብት ጨው ጨመረበት። ለፍቅሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባልነገርኩት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ወረቀቱን አወጣለት። ከታች በኩል፣ ሻጩ ካቀረበው ውጭ ጨው የተጨመረበት ማሽን ዋስትናው ይሰረዛል ይላል። ከጎኑ በፍቅሩ እጅ «የከብት ጨው፤ ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፏል።

«አንተ ጠዋት የት ነበርክ? ለመዝገብ ነው።»

«ላይኛው ሰፈር፣ ንግሥት ቁርስ ቤት። ቧንቧዋ ሲያንጠባጥብ አድሮ ጠራችኝ። አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ አጥብቄላት፣ ቁርሴን በልቼ ወጣሁ።»

ልዑልቃል ጻፈ፤ ደሳለኝ ፈረመ።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩ አልቆለታል። «ቂም አለው፣ ዝቷል፣ ዋሽቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«መፍቻውን።»

«መፍቻውን እሱ ይነግርሃል። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ጣዲቻ ዘንድ ግን መናገር የሚባል ነገር የለም። ጨውን ጨምረዋል ሲባል «ላኪ፣ አይደለም፤ አልጨመርኩም» ይላል። ታዲያ ከየት መጣ ሲባል «አላውቅም»። የት ነበሩ ሲባል ግድግዳ ያያል። ልዑልቃል ክፍሏን ሲመላለስባት ቆይቶ ቦናያን ወደ ውጭ ጠራው።

«ስንት ከብት እንዳለው፣ የትኛው ፎራ እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቅለት ጠይቀው። መልእክት የሰጠውን ሰው በዚያ በኩል እናገኘዋለን።»

«እኔ አልጠይቅም» አለ ቦናያ።

«ሥራህ ነው እኮ።»

«ማን እንደገደለ እጠይቀዋለሁ። ስንት ከብት አለህ ብዬ ግን የአባቴን እኩያ አልጠይቅም። ቦረና ከብቱን አይቆጥርም፤ አያስቆጥርም። እርስዎም እዚሁ ነው ያደጉት፣ ያውቁታል።»

ያውቀዋል። ስለዚህ እሱም አልጠየቀም፤ በሌላ በኩል ሊዞር ወጣ።

በፍቅሩ ላይ የዛተ ሌላ ሰው ነበር። የመኮንኖች መንደር የምትኖረው ፍቅርአዲስ ማሽኗ ከቆመ ወር አልፎታል። ባሏ መቶ አለቃ ነው።

«አልደብቅህም፣ ወንድሜ፣ ባለቤቴ ሱቁን አሽገዋለሁ ብሎታል» አለችው የጎጃም ቀጥተኛነቷ ሳይቀንስ። «ዋስትና ብለው ሸጠው፣ ስንደውል ደሳለኝን እልካለሁ ይላል፤ ደሳለኝ ሲመጣ መለዋወጫው ከሞያሌ እስኪመጣ ይላል። ሻዬ ላይ ኖራው ተመልሶ ይንሳፈፋል።»

መቶ አለቃው ያን ጠዋት ተረኛ ነበር፤ ሃያ ወታደር ይመሰክርለታል። ልዑልቃል ግቢው ጥግ የቆመውን ማሽን በዓይኑ ገርመም አድርጎት ወጣ።

ከዚያ የሟቹ ስልክ ነው። የመጨረሻው ጥሪ ሞያሌ ላለው አቅራቢ ለዓብዱሰመድ ነበር፣ ከግድያው በፊት በነበረው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ተጣልተው ይሆን ብሎ ደወለለት።

«ጠብ የለንም፣ ወላሂ» አለ ዓብዱሰመድ። «አንድ ነገር ነው የጠየቀኝ። በወር የምትልከው ነጭ ጨው ስንት ጆንያ ነው አለኝ። አሥራ ሁለት አልኩት፤ ለሁሉም ማሽን ተርፎ የሚበቃ። አሥራ ሁለት? ብሎ ደገመብኝ። ከዚያ፣ ነገ ውሃ ስትመጣ ራሴ እከፍተዋለሁ ብሎ ዘጋው።»

«ምኑ አስገረመው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጨው ነው እኮ።»

አርባ ስምንቱ ሰዓት ሊጋመስ ነው፤ በእጁ ያለው አንድ ዝምተኛ ሽማግሌና አንድ ያልገባው ቁጥር ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ልዑልቃልን እግሩ ገበያ ወሰደው። ምን እንደሚፈልግ እሱም አያውቅም፤ መቀመጥ ብቻ አልቻለም። ቅቤ ነጋዴዋ ጠጂቱ ከሩቅ አየችው።

«እናንተ ሰዎች፣ ያን ሽማግሌ ምን አደረጋችሁት?» አለች። «ደንበኛዬን አሰራችሁብኝ።»

«የምን ደንበኛ?»

«የቅቤ ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ይመጣል። በፌስታል አይወስድም፤ ከቤቱ የወተት ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ እዚያ ውስጥ ጠቅጥቄ እሰጠዋለሁ።»

«ጣዲቻ? ከብት ያለው ሰው ቅቤ ይገዛል?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች ጠጂቱ፣ ቅቤውን በቅጠል እየሸፈነች። «ግን ሽማግሌ ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

ልዑልቃል ከዚያ ጣቢያ እስኪደርስ መንገዱን አላየውም። ጣዲቻ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ልዑልቃል ጠባቂውን አስወጥቶ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አባ፣ ቅቤውን ከጠጂቱ ነው የሚገዙት» አለው።

«ሁሉም አለቁ» አለ ሽማግሌው። «ጥጃ አልቀረም። ከጥቅምት ጀምሮ።»

«እትዬ ሰንበቴ አያውቁም?»

«አባቷ ከተማ የሚኖር ክርስቲያን ነው፤ ለቦረና አልሰጥም ብሎ ነበር። ከብቴን አይቶ፣ ይኼ ሰው ልጄን አያስርብም ብሎ ሰጠኝ። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?»

«ያን ጠዋት የት ነበሩ ታዲያ?»

«ከከተማ ውጭ፣ ሽማግሌው አብዱባ ዘንድ። ጎሳው ተሰብስቦ ነበር። ከብቱ ላለቀበት ሰው ሌላው ከበረቱ እያወጣ ይሰጠዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ እንለዋለን። እኔ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ቆሜ ለመንኩ።» ድምፁ አልተቀየረም፤ እጁ ግን በትሩን ፈለገና አጣው። በትሩ በማስረጃ ክፍል ነው።

«አሥር ሰው አይቶዎታል ማለት ነው። ይህን ለዳኛው ቢናገሩ ዛሬውኑ ይወጣሉ።»

«አልናገርም። አብዱባም እኔ ካላልኩት አይናገርም። ጥቂት ላሞች ይመጣሉ፤ ከመጡ በኋላ ሰንበቴ ምንም ሳታውቅ ያልፋል። ሰው ገደለ ቢሉኝ ይሻለኛል። አንተም አትናገር፣ ልጄ። አደራ።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ልዑልቃል «እሺ» አለ፤ ከልቡ ነበር ያለው።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለበጠበት። ላም የሌለው ሰው የከብት ጨው ከየት ያመጣል? የቦረና ግቢ ውስጥ ጥቁር ጨው ስላየ ብቻ ሁሉም ሰው፣ ሟቹም፣ አዛዡም፣ እሱም ጭምር፣ ሳይጠይቅ አመነ። ወደ መኮንኖች መንደር የሄደው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ፍቅርአዲስን ሰላም ሳይል የጨው በርሜሏን ክዳን አነሳ።

ጥቁር ጨው ነበር።

«እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ከብት አላችሁ?»

«የምን ከብት? ዶሮ እንኳ የለኝም።»

«ጨውን የሚሞላው ማነው?»

«ደሳለኝ ነዋ። እኛ ክዳኑን አንነካም፤ ከነካችሁ ዋስትናው ይሰረዛል ብሎናል።»

ልዑልቃል አፈረ። የቦረናውን በርሜል በደረሰበት ደቂቃ አይቷል፤ የመኮንኑን ሚስት በርሜል ግን ትናንት በዓይኑ አልፎት ሄዷል። ዓብዱሰመድ የላከው አሥራ ሁለት ጆንያ ነጭ ጨው በየወሩ ከደሳለኝ እጅ አልፎ ማሽኖቹ ጋ እንደማይደርስ ፍቅሩ በአንድ የስልክ ጥያቄ ደርሶበት ነበር።

ቦናያን ወደ ንግሥት ቁርስ ቤት ላከው። ሳጅኑ ቃሏን በአንድ ገጽ ጽፎ አመጣ። ልዑልቃል አንብቦ፣ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ደሳለኝ ሲቀርብ ከአርባ ስምንቱ ሰዓት የቀረው ሦስት ነበር። ቢሮው እንደ ምድጃ ስለሚግል መስኮቱ ተከፍቷል። ከመስኮቱ ሥር፣ ግራሩ ጥላ ላይ፣ ለእስረኛ ምሳ ያመጡ ዘመዶች ተራ ይጠብቃሉ፤ ወሬያቸው ወደ ውስጥ ይሰማል።

«የፍቅርአዲስ በርሜል ውስጥ የከብት ጨው አለ» አለ ልዑልቃል።

ደሳለኝ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ነጩ አጠረኝና ከገበያ ያገኘሁትን ሞላሁ። ጥፋት ነው፣ አልክድም። የሽማግሌው ግን የራሱ ነው። እዚያ ቤት እኔ አንድ እፍኝ ጥቁር ጨው አልሞላሁም። ጨውን በአህያ ሲያስጭን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለላሞቹ ከመጣው ላይ ነው ዘግኖ የጨመረው። ፍቅሩ ይህን ሊያጋልጥ ቢሄድ ገደለው። ደግሞ አንተ የእኛ ልጅ አይደለህም እንዴ? ለእነሱ ብለህ እኔን...»

«ለየትኞቹ ላሞች?»

«ለላሞቹ ነዋ። ከብታም አይደል?»

ሁለት ቀን ያላረፈ ሰው ነው። «የእኛ ልጅ» ያለው ደግሞ ነካው፣ ምክንያቱም ትናንት እውነት ነበር። ከወንበሩ ተነሳ።

«አንድ ላም የለውም» አለ ጮክ ብሎ። «ጥጃ የለውም። ከጥቅምት ጀምሮ ሁሉም አልቀውበታል። ቅቤ እንኳ ከገበያ ገዝቶ ነው ከፎራ መጣ የሚለው። ጨውን ለማን አስጭኖ አየኸው?»

ደሳለኝ «ሌላ ሰው ይሆናል...» ማለት ጀመረ። ልዑልቃል ግን ያዳመጠው እሱን አልነበረም። ግራሩ ሥር ወሬው ቆሟል። ወደ መስኮቱ ሄዶ ሲያይ፣ ሰንበቴ ሳህኑን በጨርቅ እንደቋጠረች፣ ከሦስት የባሏ እኩዮች ጋር ቆማ ወደ ላይ ታያለች።

ተመልሶ ተቀመጠ። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው።

«ያን ጠዋት የንግሥት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አጠበቅኩ ብለህ ፈርመሃል» አለ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ቀን ውሃ የነበረችው ለታችኛው ሰፈር ነው፤ ጣዲቻ ቤት። ላይኛው ሰፈር ጠብ አላለችም። ንግሥት እንዲህ ብላለች፦ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ፤ ሳልጠራው ቧንቧሽን ልየው አለኝ፤ ውሃ በሌለበት ቀን ምን ልትጠግን ነው ብዬ ሳቅሁበት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር ብላለች። ደሳለኝ፣ ከተማው ግማሽ ደርቆ ሱሪህን ምን አረጠበው?»

ደሳለኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሲናገር ሁሉንም ተናገረ። ነጩን ጨው በየወሩ ለያቤሎ ሆቴሎች ይሸጥ ነበር። ማሽኖቹ ሲበላሹ ለቦረናው የሚሆን ወሬ ነበረው፤ ሰው እንደሚያምነውም ያውቃል። ፍቅሩ የዋዜማውን ማታ ሱቅ ሲዘጉ፣ ጠዋት ጣዲቻ ቤት ና ብሎት ነበር፤ ሲደርስ በርሜሉን ከፍቶ «አሥራ ሁለቱ ጆንያ የታለ?» አለው፤ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቄ አንተን እከሳለሁ ብሎ ዘወር አለ። ዘወር ባለበት መታው። መፍቻውን ቦናያ ከንግሥት ቁርስ ቤት ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያው አወጣው።

ያቺ አንዲት ገጽ ብቻዋን ትበቃ ነበር። ልዑልቃል ይህን ያወቀው ደሳለኝ በፈረመ ሰዓት አይደለም፤ ገና ሲያነባት ያውቅ ነበር። ሽማግሌውን ለማስፈታት የላሞቹ ነገር መነሳት አልነበረበትም። እሱ ነው ያነሳው፣ ያውም በተከፈተ መስኮት። ቢቆጣ ቢጸጸት የወጣ ቃል አይመለስም።

በትሩን ከማስረጃ ክፍል ራሱ አምጥቶ ለጣዲቻ ሰጠው።

«ደሳለኝ አምኗል። ነፃ ነዎት፣ አባ።» ሌላ የሚለው ስላጣ ቀጠለ። «ዋስትናውም ጸንቷል። ዓብዱሰመድ አዲስ ማሽን እልካለሁ ብሏል።»

«ማሽን ማን ጠየቀህ?» አለ ጣዲቻ። ፊቱን ትክ ብሎ አየው። «ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ሰማች?»

«መስኮቱ ክፍት ነበር። ይማሩኝ።»

ሽማግሌው ቀጥ ብሎ እንደ ልማዱ ወጣ፤ ልዑልቃልም እስከ በሩ ተከተለው። ሰንበቴ ሳህኑን ይዛ ቆማለች። ባሏን አየችው፤ አልጮኸች፣ አላለቀሰች። «ምሳህ ቀዝቅዟል፤ ቤት እንብላ» ብላ ቀድማ መንገድ ጀመረች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ሳይጨብጡት አላለፉም።

«ናጋ ቡልቴ?» ብሎ በሰላም ማደሩን ጠየቀው ትልቁ፣ እጁን ይዞ።

«ናጋ።»

«ኢጆሌን ናጋ?»

«ናጋ።»

ቦረና ሲገናኝ ልጆቹን ደህና ናቸው ወይ ብሎ ከጠየቀ በኋላ ከብቶቹን ይጠይቃል። ጥጋብ ቢሆን ድርቅ፣ ወዳጅ ቢሆን እንግዳ፣ «ሎን ናጋ?» ሳይባል ሰላምታ አያልቅም። ጣዲቻ እጁን እንደሰጠ ቆሞ ጠበቀ፤ ሊመልስም አፉን ከፍቶ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ወደ መሬት አየና እጁን ለቀቀው። ሁለተኛው ጨበጠው፤ እሱም ስለ ልጆቹ ጠይቆ እዚያው አቆመ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ጣዲቻ አፉን ዘግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ከሚስቱ ኋላ ሄደ።